የአንድ ፔኒ ነገር፤ የጆሃንስበርግ የግል አውቶቡሶችና እግረኞቻቸው

ሮዛ ፓርክስን የማያውቅ አንባቢ ይኖራል ብዬ አልጠረጥርም። «ወንበሬን ለነጭ አልለቅም» ያለችውን የሞንጎመሪ ልብስ ሰፊ ታሪክ በትምህርት ቤት ሰምተነዋል፣ በፊልም አይተነዋል። የከተማዋ ጥቁሮችም 381 ቀን አውቶቡስ ሳይሳፈሩ ከርመው በዲሴምበር 1956 አሸነፉ። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ የመቀነሱን ሥራ ለእናንተ ትቼዋለሁ።)

ሞንጎመሪ ካሸነፈች ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ ጃንዋሪ 7 ቀን 1957 ጠዋት፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አሌክሳንድራ የምትባል ሰፈር ነዋሪዎች ፌርማታው ላይ የቆሙትን አውቶቡሶች ዞር ብለው ሳያዩ አልፈዋቸው ወደ ጆሃንስበርግ በእግራቸው ነጎዱ። ይህኛውን አድማ ብዙ ሰው አያውቀውም። እኔ ግን ከሁለቱ የቱ ይበልጣል ብትሉኝ ሳላመነታ የአሌክሳንድራውን እመርጣለሁ። የሞንጎመሪዎቹ ጥያቄ «የት ልቀመጥ?» የሚል ነበር። መልሱም ያን ያህል አያስቸግርም፤ ደስ ያለህ ቦታ ተቀመጥ ነው። የአሌክሳንድራዎቹ ጥያቄ ግን «እኔን ከሥራ ቦታዬ 15 ኪሎ ሜትር አርቃችሁ ካስቀመጣችሁኝ የመመላለሻውን ሒሳብ ማነው የሚከፍለው?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ ዛሬም በቅጡ የተመለሰ አይመስለኝም።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምረው። አሌክሳንድራ የተቆረቆረችው በ1912 ነው። አንድ ዓመት ዘግይታ ቢሆን ኖሮ ታሪኳ ሌላ ይሆን ነበር። በ1913 የወጣው የመሬት ሕግ ጥቁሮች ከተከለለላቸው ጥቂት መሬት ውጪ እንዳይገዙ ከለከለ፤ አሌክሳንድራ ግን ቀድማ በመመሥረቷ ጥቁር ሰው በራሱ ስም ቦታ ገዝቶ ቤት የሚሠራባት ብርቅ ሰፈር ሆና ቀረች። ይህ ጥሩ ጎኗ ነው። መጥፎው ደግሞ፣ ከጆሃንስበርግ ማዘጋጃ ቤት ክልል ውጪ ስለነበረች ባለቤት አልነበራትም። መብራት አልገባላትም፤ «ጨለማዋ ከተማ» ይሏት ነበር። ባቡርም አይደርስባትም። ከከተማው በስተደቡብ ምዕራብ ያሉት ጥቁሮች (በኋላ ሶዌቶ የተባሉት ሰፈሮች) ቢያንስ ባቡር ነበራቸው። የአሌክሳንድራ ሰው አንድ ምርጫ ብቻ ነበረው፤ አውቶቡስ። አውቶቡሱም የመንግሥት አይደለም፤ የግል ነው።

ሥራውን መጀመሪያ የያዙት አንድ ሁለት አውቶቡስ ያላቸው ትንንሽ ነጋዴዎች ነበሩ። ከእነሱም መካከል ጥቁሮች ይገኙ ነበር። በኋላ የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ (ኤኤንሲ) ገንዘብ ያዥ የሆነው አር. ጂ. ባሎይ የአሌክሳንድራ ባለ አውቶቡስ ነበር። በ1930 መንግሥት «የሞተር ትራንስፖርትን ሥርዓት ላስይዝ» ብሎ የፈቃድ ሕግ አወጣ። ሥርዓት ማስያዝ የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ መጨረሻው አንድ ነው፤ ፈቃዱ አቅምና ዘመድ ላለው ይሄዳል። አሥር ዓመት ሳይሞላ ጥቁሮቹ ባለ አውቶቡሶች ከገበያው ተገፍተው ወጡ፣ መስመሩ በነጮች ኩባንያዎች እጅ ገባ።

እዚህ ላይ ትንሽ ስለ ሒሳቡ ላውራ፤ ያለ ሒሳቡ የሚቀጥለው ነገር አይገባም።

አውቶቡስ የሚያተርፈው አንድን ወንበር ደጋግሞ ሲሸጥ ነው። ከመገናኛ ፒያሳ የሚሠራ ታክሲ በመንገዱ ላይ «ወራጅ አለ» የሚል ድምፅ በሰማ ቁጥር ያቺኑ ወንበር ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ይሸጣታል። ፒያሳ ሲደርስም ተመላሽ አያጣም። የአሌክሳንድራው አውቶቡስ ግን ጠዋት ጢም ብሎ ሞልቶ ይነሣል፤ ሰፈሩ ሰው እንዲያድርበት እንጂ እንዲሠራበት ስላልታሰበ መንገድ ላይ የሚወርድም የሚሳፈርም የለም። ከተማ አራግፎ ባዶውን ይመለሳል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲሞቅ ይውላል። ማታ ባዶውን ሄዶ እንደገና ጢም ብሎ ይመጣል። በቀን ጥቂት ሰዓት ለሚሠራ ሥራ ሙሉ አውቶቡስ ይገዛለታል፣ ሙሉ ሾፌር ይቀጠርለታል። ወንበሯም በአንድ ጉዞ የምትሸጠው አንዴ ብቻ ነው። እንዲህ ዓይነቱ መስመር የሚያዋጣው ታሪፉ ከፍ ሲል ነው። ተሳፋሪው ደግሞ በከተማው ውስጥ ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚበላ ሰው ነው፤ የፋብሪካ ቀን ሠራተኛ፣ ዘበኛ፣ የነጭ ቤት ሠራተኛ፣ የነጮችን ልብስ ሰብስባ ወስዳ አጥባ የምትመልስ አጣቢ። ኩባንያው ከሰውዬው ኪስ ውስጥ የሌለ ገንዘብ ነው የሚፈልገው።

ታሪፉ ለአንድ ጉዞ አራት ፔንስ ነበር። በ1940 ኩባንያዎቹ ወደ አምስት ሊያወጡት ሞከሩ፣ ሕዝቡ እምቢ አለ፣ ተመለሰ። በ1942ም እንዲሁ። በኦገስት 1943 የምር ጨመሩ። የአሌክሳንድራ ሰውም የምር በእግሩ ሄደ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አውቶቡሶቹ ባዶአቸውን ተመላለሱ። በአሥረኛው ቀን ታሪፉ ወደ አራት ፔንስ ተመለሰ።

በዚያ ሰልፍ ውስጥ አንድ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ነበር። ከትራንስካይ ገጠር መጥቶ አሌክሳንድራ ተከራይቶ ይኖር የነበረ፣ ለአውቶቡስ የሚከፍለው እያጣ ብዙ ቀን ወደ ከተማ በእግሩ የሚመላለስ የሕግ ቢሮ ተለማማጅ ነው። አድማውን ከሚያስተባብሩት አንዱ፣ የሥራ ባልደረባው የነበረው ጋውር ራደቤ ጎትቶ አስገባው። ወጣቱ ኔልሰን ማንዴላ ይባላል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ እንደነገረን፣ ከተመልካችነት ወደ ተሳታፊነት የተሸጋገረው በዚያ የእግር ጉዞ ነው። ስለ ማንዴላ ስናወራ ሮበን ደሴትን እናስቀድማለን፤ በር የከፈተለት ግን የአንድ ፔኒ ጭማሪ ነው።

በኖቬምበር 1944 ኩባንያዎቹ እንደገና አምስት ፔንስ አሉ። አሁን አድማው ሰባት ሳምንት ቆየ። በዚያው ዓመት መንግሥት ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን የጥቁር ሠራተኞች ደመወዝ የትራንስፖርቱን ሒሳብ መሸከም እንደማይችል ጽፎ ነበር። ምሁራኑ ጥናት አጥንተው የደረሱበትን አጣቢዋ በጫማዋ ሶል ቀድማ አውቃዋለች። መጨረሻ ላይ ታሪፉ ባለበት ቀረ፤ የተማረሩት ኩባንያዎችም መስመሩን ለቀው ወጡ። በ1945 ቦታውን የያዘው አዲስ ኩባንያ ፑትኮ ይባላል። ስሙን ያዙልኝ፤ እስከ ጽሑፉ መጨረሻ አብሮን ይጓዛል። ፑትኮ ከቀዳሚዎቹ የሚለየው በአንድ ነገር ነው። የግል ኩባንያ ሆኖ ሳለ መንግሥት ይደጉመዋል።

እንግዲህ ወደ 1957 ተመለስን። ፑትኮ «ነዳጅ ተወደደ፣ ድጎማው አልበቃኝም» አለ። መንግሥት «ከዚህ በላይ አልጨምርም» አለ። ስለዚህ የተለመደችው ፔኒ ወጣች፤ አራት የነበረው አምስት ይሁን ተባለ።

አንድ ፔኒ ምን አላት? የዚያን ዘመን ገንዘብ ብንዘረዝረው አሥራ ሁለት ፔንስ አንድ ሺሊንግ፣ ሃያ ሺሊንግ አንድ ፓውንድ ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ደርሶ መልስ ለሚሳፈር ሰው ጭማሪው በሳምንት አንድ ሙሉ ሺሊንግ ይሆናል። አራት የነበረው አምስት ሺሊንግ ሆነ። ኪራይና ምግብ አብቃቅቶ ለማይዘልቅ ደመወዝ ይህ ቀልድ አይደለም። አንድ ቤት ውስጥ አባትም እናትም ሴት ልጅም የሚሳፈሩ ከሆነማ ሒሳቡን እናንተው አባዙት።

መፈክሩ አንዲት ቃል ነበረች፤ «አዚክዌልዋ»። አንሳፈርም እንደማለት ነው። በየግድግዳው ተጻፈች፣ በየመንገዱ ተጮኸች። የሰፈሩ ድርጅቶች ኤኤንሲን፣ ከእሱ ጋር የማይስማሙትን አፍሪካኒስቶች፣ የቤት ባለቤቶችንና ተከራዮችን አንድ ላይ አድርገው የአሌክሳንድራ ሕዝብ የትራንስፖርት ኮሚቴ አቋቋሙ። እርስ በርስ ብዙም አይዋደዱም ነበር። ግን እግሩ የተላጠ ሰው ከፊታቸው እየሄደ ስለነበር መነታረኩን ለማታ ስብሰባ ያቆዩት ነበር።

ሌሊት በጨለማ ተነሥተው ወደ ከተማ 15 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ፤ ቀኑን ቆመው ሠርተው ማታ 15 ኪሎ ሜትር ይመለሳሉ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ጃንዋሪ በጋና ዝናብ አንድ ላይ የሚሆንበት ወር ነው፤ የከሰዓት ዶፉ የሚለቀው ልክ ሰው ከሥራ ሲወጣ ነው። አጣቢዎቹ የልብሱን ጥቅል በራሳቸው ላይ ተሸክመው ነበር የሚሄዱት። ብስክሌት ያለው በብስክሌት ሄደ። አድማው ወደ ሶፊያታውንና ወደ ፕሪቶሪያ ሰፈሮች ሲዛመት፣ በደራበት ሰዓት 70,000 ያህል ሰው አውቶቡስ ትቶ እንደነበር ይነገራል።

ያልተጠበቀው ነገር የመጣው ከነጭ ባለ መኪናዎች ነው። እግረኞቹ የሚያልፉት በሀብታሞቹ የሰሜን ጆሃንስበርግ ሰፈሮች በኩል ስለሆነ ሰልፉ በየቀኑ ጠዋትና ማታ በነጮቹ በር ላይ ነበር የሚያልፈው። አንዳንዱ መጋረጃውን ዘጋ። አንዳንዱ ግን መኪናውን አቁሞ «ግቡ» ማለት ጀመረ። አፓርታይድ ከነሙሉ ክብሩ በቆመበት አገር ነጭ ሴት መሪ ይዛ ከኋላዋ አራት ጥቁር አጣቢዎች ተቀምጠው ሲሄዱ መታየቱ ለመንግሥት ከአድማው የባሰ አስደንጋጭ ነበር። ፖሊስ ሥራ በዛበት። መኪኖቹን እያስቆመ «ትርፍ ጭነሃል» ብሎ ይቀጣል፤ እግረኛውን የይለፍ ወረቀት አምጣ ብሎ ያስራል፤ የብስክሌቶችን ጎማ ያስተነፍሳል። የጎማው ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። ጦርና ታንክ ያለው መንግሥት ብስክሌት አጎንብሶ ሲያስተነፍስ!

የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ቤን ስኩማን «ይህ የፖለቲካ አድማ ነው፣ አንድ እርምጃ አናፈገፍግም» አሉ። ተሳስተዋል ማለት ይከብዳል፤ ፖለቲካ ነበር። ግን ፖለቲካ ያደረገው ማን ነው? ሠራተኛው የት እንደሚኖር የወሰነው መንግሥት ነው። ምን ያህል እንደሚከፈለው የሚወስነው አሠሪው ነው። ሠራተኛው የሚጣላው ግን ከፑትኮ ጋር ነው። የግል አውቶቡስ ለመንግሥት ያለው ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል፤ ሕዝቡ ሲናደድ የሚወረውረው ድንጋይ የሚያርፈው ኩባንያው መስታወት ላይ ነው። በ1957 ግን ሕዝቡ ድንጋይ አላነሣም፤ በእግሩ ሄደ። ስለዚህ ጥያቄው ኩባንያውን አልፎ ፋብሪካዎቹና ሱቆቹ በር ላይ ደረሰ። ደክሞ የሚመጣ ሠራተኛ ሥራው ይጎዳል፤ ሠራተኛው ደግሞ አርፍዶም ሆነ አንክሶ በየቀኑ ይመጣል፣ ማባረሪያ ሰበብ አይሰጥም። መጀመሪያ የደነገጡት ነጋዴዎቹ ናቸው።

ፑትኮ በማርች መጀመሪያ አውቶቡሶቹን ከአሌክሳንድራ ጨርሶ አወጣ። የጆሃንስበርግ ንግድ ምክር ቤት ገንዘብ አዋጥቶ መላ አመጣ፤ ተሳፋሪው አምስት ፔንስ ይክፈል፣ በኋላ አንዷ ፔኒ ትመለስለታለች። ሕዝቡ አልተቀበለም። ፔኒ ለማስመለስ ሌላ ሰልፍ ቆሞ የሚውለው ማነው? በኤፕሪል 1 የተሻለው መላ መጣ፤ ምክር ቤቱ ትኬቱን በአምስት ይገዛል፣ ለተሳፋሪው በአራት ይሸጣል። አንዳንዶቹ «ተሸጥን» ብለው ጮኹ፤ ኮሚቴው ለሁለት ተከፈለ። አብዛኛው የአሌክሳንድራ ሰው ግን ወደ አውቶቡሱ ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ ፓርላማው በዚያው ዓመት አሠሪዎች ለጥቁር ሠራተኞቻቸው መጓጓዣ የሚያዋጡትን ገንዘብ ከፍ የሚያደርግ ሕግ አወጣ። «አንድ እርምጃ አናፈገፍግም» ያለው መንግሥት ማለት ነው። አራት ፔንስ አራት ፔንስ ሆና ቀጠለች።

የታሪክ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያጨበጭቡና ገጹን ይገልጣሉ። እኔ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።

የአሌክሳንድራ ሰዎች ያሸነፉት ምንድነው? ድጎማ ነው። ከእንግዲህ የርቀቱን ዋጋ ሠራተኛው ብቻውን አይሸከምም፤ አሠሪውና መንግሥት ይካፈላሉ። ፍትሕ ይመስላል፣ ነውም። ችግሩ ገንዘቡ የተሰጠው መንገዱን ለማሳጠር አለመሆኑ ላይ ነው። የአፓርታይድ ሹማምንት ቀስ በቀስ አንድ ነገር ገባቸው፤ የአውቶቡሱ ሒሳብ ከተደጎመ ሰውን እስከ ፈለጉት ድረስ አርቆ ማስፈር ይቻላል። የአንድ ሰፈር ርቀት በሠራተኛው ኪስ የሚለካበት ዘመን አለፈ። አሁን የሚለካው በግምጃ ቤቱ ነው።

ይህን ለማየት ከአሌክሳንድራ ወጥተን ወደ ፕሪቶሪያ ሰሜን ምሥራቅ እንሂድ። በ1970ዎቹ መንግሥት የነጭ ገበሬዎችን እርሻ እየገዛ ክዋንደበሌ የሚባል የንደበሌዎች «የትውልድ አገር» ፈጠረ። ከየእርሻው የተባረረ፣ ከየከተማው የተፈናቀለ ሰው እዚያ እየተወሰደ ተራገፈ። ፋብሪካ የለም፣ ሥራ የለም። ሥራው ፕሪቶሪያ ነው፤ ፕሪቶሪያ ደግሞ ከአንዳንዱ መንደር ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ታዲያ ይህን ሕዝብ ማን ያመላልሰው? ፑትኮ።

የኒው ዮርክ ታይምሱ ጋዜጠኛ ጆሴፍ ሌሊቬልድ በ1985 ባሳተመው መጽሐፍ እንደዘገበው፣ በ1979 ፑትኮ ወደ ክዋንደበሌ የሚያሰማራቸው አውቶቡሶች በቀን ሁለት ነበሩ። በ1984 ሁለት መቶ ስድሳ ሦስት ደረሱ። በአምስት ዓመት ውስጥ! ለእነዚህ አውቶቡሶች የሚከፈለው ድጎማም ከራሱ ከክዋንደበሌ ጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት ይበልጥ ነበር። ይህን ዓረፍተ ነገር እባካችሁ መልሳችሁ አንብቡት። መንግሥት «አገር» ብሎ የሰየመው ቦታ በዓመት ከሚያመርተው ይልቅ ሕዝቡን ከዚያ አውጥቶ ለመመለስ የሚወጣው የአውቶቡስ ወጪ ይበልጣል። በዚያ ገንዘብ ፕሪቶሪያ አጠገብ ቤት መሥራት በተቻለ ነበር። ግን ዓላማው ቤት አልነበረም።

ፎቶግራፍ አንሺው ዴቪድ ጎልድብላት በ1980ዎቹ መጀመሪያ አብሯቸው እየተሳፈረ ያነሣቸው ፎቶዎች አሉ። የመጀመሪያው አውቶቡስ የሚነሣው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ45 ላይ ነው። ተሳሳትክ እንዳትሉኝ፤ በእኛ አቆጣጠር ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንዳንድ ሰው ገና ከጭፈራ ቤት የሚወጣበት ሰዓት። በፎቶዎቹ ላይ ያሉት ሰዎች ተቀምጠው፣ ቆመው፣ እርስ በርስ ተደጋግፈው ተኝተዋል። አንዳንዶቹ ብርድ ልብስ ተከናንበዋል። በጉዞ ላይ ያለ ሰው ፊት አይመስልም፤ የታመመ ሰው ፊት ይመስላል። ፕሪቶሪያ ማራባስታድ መናኸሪያ ይደርሱና ሌላ አውቶቡስ ይቀይራሉ። ማታ 2 ሰዓት ከ45 ላይ የተነሣው ሌላ ፎቶ ተሳፋሪው አውቶቡስ ውስጥ ወደ ቤቱ ሲመለስ ያሳያል። ከአምስት ስድስት ሰዓት በኋላ ደግሞ ይነሣል። በቀን እስከ ስምንት ሰዓት መንገድ ላይ የሚያጠፉ ነበሩ። ልጆቻቸውን በብርሃን የሚያዩት እሑድ ብቻ ነው።

መንገዱ ሞሎቶ ይባላል፤ «የሞት መንገድ» የሚል ቅጽል አለው። ሌሊት፣ እንቅልፍ የተጫነው ሾፌር፣ በአንድ መስመር ወዲያና ወዲህ የሚተላለፍ ከባድ መኪና፤ ውጤቱን መገመት አይከብድም። አፓርታይድ በ1994 ሲወድቅ መንደሮቹ አልተነሡም። ባቡር ይዘርጋ የሚለው ሐሳብ በየምርጫው ዋዜማ ብቅ እያለ ብዙ ዓመት ተጓዘ። ለአውቶቡስ ኩባንያዎቹ በ1997 «ጊዜያዊ» ተብሎ የተሰጠው ውልም እየታደሰ እየታደሰ አሥርተ ዓመታትን ተሻገረ።

በዚህ መሀል አንድ ሌላ ባለ ጉዳይ ከጓሮ በር ገባ። በ1977 የወጣው የትራንስፖርት ሕግ አውቶቡስ ማለት ከዘጠኝ ሰው በላይ የሚጭን መኪና ነው ብሎ ደነገገ። ሕጉን ያነበበ ብልህ ሰው ጥያቄ ጠየቀ፤ ዘጠኝ ብቻ ቢጭንስ? ሾፌሩና ስምንት ሰው የሚይዝ ሚኒባስ በታክሲ ፈቃድ መሥራት ጀመረ። በተግባር ስምንት ሰው ብቻ ይጭን ነበር ወይ? ይህን ለእናንተ አላስረዳም። በ1988 መንግሥት ገበያውን ሲለቀው አሥራ ስድስት ሰው የሚጭነው ሚኒባስ ሕጋዊ ሆነ። ከ1930 ጀምሮ ከአውቶቡስ ሥራ የተገፋው ጥቁር ነጋዴ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በሚኒባስ ተመለሰ። ሰዉም ወደደው። ሰፈር ድረስ ይገባል፣ ሰዓት አይጠብቅም፣ ይፈጥናል። ቶዮታ ሃይስን «ዞላ በድ» ብለው ጠሩት፤ በባዶ እግሯ እየሮጠች ዓለምን ባስገረመችው የደቡብ አፍሪካ ልጅ ስም። (የእኛዎቹን «ዶልፊን» እና «አባዱላ» አስታውሱ፤ ቶዮታ ሃይስ በሄደበት አገር ሁሉ ስም አያጣም።)

ግን ፈቃዱ ያለ ልክ ታደለ፣ መስመሩን የሚቆጣጠር ጠፋ። የባለ ታክሲ ማኅበራት መስመር በጠመንጃ መከፋፈል ጀመሩ። በ1990ዎቹ የ«ታክሲ ጦርነት» በየዓመቱ ብዙ ሾፌር፣ ባለንብረትና ተሳፋሪ አለቀ። ነገሩ የሚያሳዝነው፣ ሚኒባሱ በሕዝብ ትራንስፖርት ከሚጓዘው ሰው ከሦስቱ ሁለቱን ከተሸከመ በኋላም ለአሥርተ ዓመታት እንደ አውቶቡሱና እንደ ባቡሩ የሥራ ማስኬጃ ድጎማ አላገኘም። ይህ ማለት የ1957ቱ ድል ለሚኒባስ ተሳፋሪ አልደረሰውም ማለት ነው። ሙሉውን ሒሳብ ከኪሱ ይከፍላል።

በ2009፣ የዓለም ዋንጫው ሊደርስ ሲል፣ ከተማው ሬያ ቫያ የተባሉትን ፈጣን አውቶቡሶች ለራሳቸው በተለየ መስመር አሰማራ። በጀመሩ በቀናት ውስጥ ሶዌቶ ላይ ተተኮሰባቸው። ከብዙ ድርድር በኋላ ባለ ታክሲዎቹ በአውቶቡሶቹ ኩባንያ ውስጥ ባለ አክሲዮን እንዲሆኑ ተደረገ፤ ለኔ እስካሁን ካየኋቸው መፍትሔዎች ሁሉ ጤነኛው ይህ ነው። ከ1930 ጀምሮ ሥርዓት ማስያዝ ማለት ትንሹን ማባረር ነበርና።

በ2010 ደግሞ ጋውትሬይን የሚባለው ዘመናዊ ባቡር መጣ። ከአውሮፕላን ማረፊያው ተነሥቶ የባንኮችና የትልልቅ ሆቴሎች ሰፈር የሆነችው ሳንድተን ይደርሳል። መንገዱ ላይ ማርልቦሮ የሚባል ጣቢያ አለው፤ ጣቢያው ያለው የአሌክሳንድራ ጫፍ ላይ ነው። ከመቶ ዓመት ግድም ጥበቃ በኋላ ባቡር አሌክሳንድራ ደረሰ ማለት ነው፤ ዋጋው ለአሌክሳንድራ ሰው የተቆረጠ ባይሆንም።

ጆሃንስበርግ ጄፒ ጎዳና ላይ ሱቅ ያለው ወንድም ወይም የአጎት ልጅ ያላችሁ ብትጠይቁት ይነግራችኋል፤ እዚያ አገር ወያላ «ከተማ፣ ከተማ» እያለ አይጮህም። የሚናገረው ተሳፋሪው ነው፣ በጣቱ። ወደ መሀል ከተማ የሚሄድ ሰው አመልካች ጣቱን ወደ ላይ ይቀስራል፤ ሚኒባሱ ቦታ ካለው ይቆምለታል። ገና ሳይነጋ አሌክሳንድራ መንገድ ዳር ብትቆሙ ጣታቸውን ወደ ሰማይ የቀሰሩ ሰዎች ተደርድረው ታያላችሁ፤ አብዛኞቹ ሳንቲሙን አስቀድመው ቆጥረው በሌላው እጃቸው ጨብጠዋል።